የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንና የየወቅቱ መዝሙር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተሳሰረ ነው። የጽጌ፣ ማለትም የአበባው ወቅት፣ መዝሙር በጥር አይዘመርም። የጾሙ ዜማ በፋሲካ ሰሞን አይሰማም። ይህን ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት ሊቃውንቱ ናቸው። በአማርኛ አድርገው ወደ ምእመኑ የሚያደርሱት ግን በአብዛኛው የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ናቸው፤ ወንድና ሴት፣ ልጅና ወጣት አንድ ላይ ቆመው።

ወንድና ሴት አንድ ላይ መዘመራቸው ዛሬ ማንንም አይገርምም። የአገሩን ልማድ ላሰበው ግን ትልቅ ነገር ነው። ማኅሌት፣ ማለትም ሊቃውንቱ ቆመው የሚያዜሙትን የሌሊት አገልግሎት፣ የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆች ናቸው። በእንቁጣጣሽ አበባ አየሁሽ የሚሉት ደግሞ ሴቶች ልጆች ናቸው። ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ድምፃቸው ጎልቶ ይሰማ የነበረው በእልልታ ነበር። እነዚህን ሁሉ ድምፆች በአንድ ሰልፍ ያቆመው የሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዝሙር ክፍል ነው። ለእኔ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም።

ሥሩ ግን ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ የዜማው አባት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የሱ ናቸው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ መጻሕፍትም በስሙ ይጠራሉ። ድጓው ራሱ ዓመቱን ተከትሎ የተከፈለ ነው፤ ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ ይባላል። ዐቢይ ጾም የራሱ መጽሐፍ አለው፤ እሱም ጾመ ድጓ ነው። የዜማ ምልክቶቹ ሥርዓት የያዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ድካም ነው። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከነዚያ ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ተምሮ ለመመስከር፣ ማለትም በመምህርነት ለመመረቅ፣ ብዙ ዓመት ይጠይቃል። የድጓ ምስክር የሚገኘውም ጎንደር፣ ቤተልሔም ነው።

አንድ የከተማ ተማሪ ይህን ሁሉ ዓመት የት ያገኛል? ሰንበት ትምህርት ቤት የመጣው ለእንዲህ ያለው ልጅ ነው። በአዲስ አበባ በምስካየ ኅዙናን መድኃኔዓለም ገዳም የተመሠረተው ተምሮ ማስተማር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በኋላ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ለሰበካ ጉባኤ (ለአጥቢያው አስተዳደር) ሥርዓት ሲያወጣ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቶችም በአጥቢያው መዋቅር ውስጥ ቦታ ሰጣቸው። አባሎቻቸው ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ደርግ ሃይማኖትን በክፉ ዓይን ባየበት ዘመንም ወጣቱን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያቆየው በብዛት መዝሙር ነው።

አሁን ወደ አዘማመሩ እንግባ። የምዕራቡ ቅይጥ መዘምራን ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ተብሎ በአራት ድምፅ ይከፈላል። እያንዳንዱ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲህ አይደለም። ሁሉም የሚያዜመው አንድ ዜማ ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ከፍ ብለው ያንኑ ዜማ ይይዛሉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ችግር አለው። መሪው ወንድ ከሆነና ለራሱ በሚመቸው ከፍታ ከጀመረ ሴቶቹ ወይ ይጮኻሉ ወይ ይሰምጣሉ። ጎበዝ መሪ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፤ አነሳሱን። ብዙ ቦታ የተለመደው መፍትሔ የመዝሙሩን ቤቶች (የግጥሙን ክፍሎች) መከፋፈል ነው። አንዱን ቤት ወንዶች ይላሉ፣ ቀጣዩን ሴቶች ይቀበላሉ። አዝማቹ ላይ ሁሉም ይገጥማል። ይህ ቅብብል ከማኅሌቱ የመጣ ነው፤ እዚያም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው እየተቀባበሉ ነው የሚያዜሙት። በጥሩ መዘምራን አዝማቹ ሲገጥም የሚሰማው ሙላት አራት ድምፅ ካለው መዘምራን በምንም አያንስም።

ከአማርኛው መዝሙር ሌላ ወረብም ያጠናሉ። ወረብ የግዕዝ ነው፤ ከሊቃውንቱ የተወሰደ። በዝግታ ይጀምራል፣ ከበሮው ሳይቸኩል ይመታል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል። ጭብጨባና እልልታ ይከተላል። ለበዓል አንድ ወረብ ለማድረስ ብዙ ጊዜ መሪጌታ ተለምነው መጥተው ያስጠናሉ።

ዓመቱ በመስከረም ይጀምራል። ርዕሰ ዐውደ ዓመት አልፎ መስከረም 16 ደመራ ይመጣል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የየአድባራቱ መዘምራን በአንድ ዓይነት ልብስ ተሰልፈው በፓትርያርኩ ፊት ወረብና መዝሙር ያቀርባሉ። ሰልፉ ራሱ የተጠና ነው፤ እየዘመሩ የመስቀል ቅርጽ ይሠራሉ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ዓለም ያየው አንዱ ትዕይንት ይህ ነው።

ከዓመቱ ሁሉ በዝማሬ የሚበልጥብኝ ግን ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ይቆያል። ምድሩ በአበባ ተሸፍኗል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ወቅት የምታስበው እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ነው። ስደትና አበባ በአንድ ላይ! ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው አባ ጽጌ ድንግል ሁለቱን እንዴት እንዳዋሐዳቸው ለመረዳት አንድ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት መቆም ይበቃል። በእነዚህ ሳምንታት ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ያድራሉ። ወጣቶቹም ብዙዎቹ አብረው ያድራሉ። ጾሙ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው። የአማርኛዎቹ መዝሙሮችም የስደቱን መንገድ ይከተላሉ፤ ጥማቱን፣ ድካሙን፣ የሄሮድስን ቁጣ። ዜማቸው ለስለስ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ከእንጉርጉሮ አይርቅም። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ሲደርስ ወቅቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የጽጌ መዝሙር የሚያነሳ ካለ ያለ ጊዜው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚባሉት ሦስት ሳምንታት ይመጣሉ። የነቢያት ጾም ነውና የሚዘመረው ስለ መጠበቅ ነው። ልደት ታኅሣሥ 29 ሲሆን ዜማው ይፈነዳል። በላሊበላ በቤተ ማርያም የሚደረገውን ቤዛ ኩሉ ሳያነሱ ስለ ገና ዝማሬ ማውራት አይቻልም። ከሊቃውንቱ ገሚሶቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። የላዮቹ በመላእክት፣ የታቾቹ በእረኞች ይመሰላሉ። ወንዶች ብቻ የሚያከናውኑት ነው፤ ግን ብዙ የከተማ መዘምራን በልደት ሌሊት የሚያቀርቡትን ወረብ ሲያጠኑ የሚያስቡት ያንን ቅብብል ነው።

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መዘምራኑ ከፊት እየዘመሩ ይሄዳሉ። በአዲስ አበባ ወደ ጃን ሜዳ የሚወርደውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የመንገድ ዝማሬ ከመቅደስ ዝማሬ ይለያል። አጭር አዝማች ያስፈልገዋል። ሕዝቡ ወዲያው የሚቀበለው መሆን አለበት። ከበሮ መቺው እየተራመደ ነው የሚመታው። ሰዓታት ይፈጃልና ድምፅ መቆጠብም ጥበብ ነው። በማግስቱ ድምፃቸው ተዘግቶ የሚውሉ መዘምራን ጥቂት አይደሉም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣል። ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ጾመ ድጓውን ያዜማሉ። 55ቱ ቀናት በስምንት ሳምንታት ይከፈላሉ፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና። እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ መልእክት አለው፤ መዘምራኑም ያንን የሚከተል የንስሐ መዝሙር ይመርጣሉ። ብዙ ሰው በገና የሚሰማውም በዚህ ጊዜ ነው። በከበሮ መደገፍ የለመደ መዘምራን ድክመቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን ያልያዘ፣ ዜማውን ያልጨበጠ ሁሉ ይጋለጣል። ስለዚህ አንድን የመዝሙር ክፍል መመዘን የፈለገ በጾም ሄዶ ይስማ እላለሁ። የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ሲበራና ከበሮው ሲመለስ ደስታው እጥፍ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ በኋላ 50ው ቀን ሙሉ የትንሣኤ መዝሙር ነው።

ከሰኔ 26 ጀምሮ ክረምት ነው። ስለ ደመና፣ ስለ ዘር፣ ስለ ዝናብ ይዘመራል። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ይገባል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾማሉ። በመካከሉ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር፣ ማለትም ቡሄ አለ። በከተማ ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የሆያ ሆዬውን ስልት ይዘው ስለ ታቦር ተራራ የሚናገር ግጥም ገጥመውለታል። ጅራፉና ሙልሙሉ ግን እንዳለ ነው።

በመሣሪያ ጉዳይ ብዙ ክርክር ነበር። በአንድ ወቅት አንዳንድ የአዲስ አበባ አድባራት ኦርጋን ይጠቀሙ ነበር። በኋላ ካሴት ሲስፋፋ የኪቦርድ ድምፅ ያለባቸው መዝሙሮች በዙ። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶች ዘንድ የጸናው አቋም መዝሙሩ ያሬዳዊ ይሁን የሚለው ነው፤ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ፣ በገና፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ምክንያቴ ኪቦርዱ ባዕድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዜማውን ርክርክና ቅናት የኪቦርድ ቁልፍ አያወጣውም። ልጆቹም ከሱ ጋር ሲዘምሩ ሳያውቁት ያንን ይተዉታል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ መዘምራን ሀ፣ መዘምራን ለ እየተባለ ይደራጃል፤ ድምፅ ይከፈላል፣ ኪቦርድና ጊታር ይታጀባል። በደርግ ጊዜ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙሩ በካሴት ከቤት ወደ ቤት ዞሯል። ያ ታሪክ ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በውጭ አገር የወቅቱን ሥርዓት መጠበቅ ይከብዳል። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ልደት የሚውለው ሰው ሥራ በሚገባበት ቀን ነው። ጥምቀትም ብዙ ቦታ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይዛወራል። እዚያ የተወለዱ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ መዝሙር ይጀምራሉ፤ ስንኙ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ብዙ ወላጆች የልጃቸውን አማርኛ የሚያዳምጡት እሑድ ከሰዓት፣ በመዝሙር ጥናት ሰዓት ነው። በአንዳንድ አጥቢያ ደግሞ አዝማቹ በአማርኛ፣ ቤቱ በእንግሊዝኛ ይዘመራል። ልጆቹ የጽጌን 40 ቀን የሚቆጥሩት አበባ ሳይሆን የወደቀ ቅጠል እያዩ ነው፤ መዝሙሩን ግን ያው በመስከረም 26 ይጀምራሉ።