ካንተን፦ በዋስ የቆመ ንግድ

ከ1757 እስከ 1842 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ መርከቦች ከቻይና ጋር የሚነግዱት በዋነኛነት በአንድ ወደብ ነበር፤ በጓንግዡ፣ እነሱ ካንተን በሚሏት ከተማ። ቻይና በሯን ዘግታ ነበር ሲባል ይሰማል፤ በሩ ግን ክፍት ነበር፤ ጠባብና ጠባቂው የበዛ መሆኑ ነው እንጂ።

መርከቡ ፖርቹጋሎች በሰፈሩባት ማካው አቅራቢያ ቆሞ ፈቃድና መንገድ መሪ ይወስዳል። በወንዙ አፍ ያሉትን የሁመን ምሽጎች አልፎም ከከተማዋ በታች ባለው ሁዋንፑ ላይ መልህቅ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ለትልቅ መርከብ ስለማይመች ዕቃው ከተማ የሚገባው በጀልባ ነው። ቀጥሎ "ሆፖ" የሚባለው የጉምሩክ ሹም ወይም ወኪሉ መጥቶ መርከቡን ይለካል፤ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ያለው ርዝመት በመሃሉ ስፋት ተባዝቶ ለ10 ይካፈላል፣ ቀረጡም በዚያ ይሰላል። በዚህ ላይ 1,950 ቴል ብር "ስጦታ" ይጨመራል (አንድ ቴል 37 ግራም ገደማ ነው)። ስጦታው ለትንሹም ለትልቁም መርከብ እኩል ስለነበር ትልቅ መርከብ ይዞ መምጣት ያዋጣ ነበር።

የሥርዓቱ ምሰሶ ግን ዋሱ ነው። እያንዳንዱ መርከብ ጎንግሃንግ ከተባለው የነጋዴዎች ማኅበር አንድ ዋስ ያስፈልገዋል። ቀረጥ ቢጎድል ወይም መርከበኛ ሰክሮ ቢደባደብ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሹማምንቱ ከባዕድ ጋር ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ አቤቱታም በዋሱ በኩል ያልፋል።

ሸክሙ ከባድ ነበር። ከማኅበሩ መካከል እንደ ዉ ቢንግጂያን ያሉ የዓለም ቱጃሮች ቢወጡም፣ ብዙዎቹ ለጎርፍ፣ ለጦርነት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ልደት "መዋጮ" እየተጠየቁ በከፍተኛ ወለድ ከባዕዳን ይበደሩ ነበር። የከሰረው በሰሜን ምዕራብ ድንበር ወዳለው ሩቁ ኢሊ ይጋዛል፤ ዕዳውን የማኅበሩ ባልደረቦቹ ከንግዱ ላይ በሚሰበሰብ የጋራ መዋጮ ይከፍላሉ። ይህ አበዳሪውን አዘናጋው፤ ዕዳው በሌላ ሰው እንደሚከፈል ካወቀ ለማን እንደሚያበድር ለምን ይጨነቃል?

በሕግ የተከለከለው ኦፒየም የተባለው ሱስ አስያዥ ዕፅ ደግሞ ከዋሱ ዓይን ውጭ አለፈ። መርከቦቹ ከወንዙ አፍ ውጭ ባለችው ሊንቲን ደሴት ዘንድ ኦፒየሙን አራግፈው ሁዋንፑ ሲደርሱ "ንጹሕ" ናቸው። በ1839 የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ሹም ሊን ዘሹ ከ20,000 በላይ ሣጥን ኦፒየም ወርሶ ሁመን ላይ አስወገደ፤ ከእንግሊዞች ጋር ጦርነት ተከተለ። የ1842ቱ የናንጂንግ ውል ጎንግሃንግን ሽሮ አምስት ወደቦችን ከፈተ፤ ቻይናንም 21 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላት። ከዚያ ውስጥ 3 ሚሊዮኑ የጎንግሃንግ ነጋዴዎች ለእንግሊዞች ያልከፈሉት ዕዳ ነበር።