የማግኒዚየም ቸርኬ ለጥንት ስፖርት መኪኖች፦ እንደገና የማምረት ወጪና አዋጭነት

ማግኒዚየም ሸክም ለሚሸከም አካል ከሚያገለግሉት ብረታ ብረቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ሊትር የሚያህል ማግኒዚየም 1.74 ኪሎ ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደዚህ ብረት ያዘነበሉት ለዚህ ነው። ቸርኬ ከሞላ በታች የሚገኝ ክብደት በመሆኑ ሲቀልል ጎማው የመንገዱን ወጣ ገባ ሳይዘል ይከተላል። የሚሽከረከር አካል ስለሆነም መኪናው ሲነሳና ፍሬን ሲይዝ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ቀድሞ የሚነሳው ስም የካሊፎርኒያው ቴድ ሃሊብራንድ ነው። የእሱ ቸርኬዎች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢንዲያናፖሊስ ውድድር መኪኖችን ተቆጣጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በፈረንሳይ የሌ ማን ውድድር ያሸነፈው ፎርድ ጂቲ40ም የሮጠው በእነሱ ነው። በጣሊያን ካምፓኞሎ ነበር። በብስክሌት ዕቃዎቹ የሚታወቀው ይህ የቪቼንዛ ድርጅት ለላምቦርጊኒ ሚዩራ የማግኒዚየም ቸርኬ አፍስሷል፤ ማለትም ብረቱን አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ በመጨመር ሠርቷል። በእንግሊዝ ደግሞ ባለ ስምንት ክንፉ ሚኒላይት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለትንሿ ሚኒ ተሠርቶ ከዚያ በኋላ በየራሊው ታይቷል። ዛሬ የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች፣ እንዲሁም የኮብራ ስፖርት መኪናና የጂቲ40 ቅጂ የሚገጣጥሙ ሰዎች፣ የያኔውን ቸርኬ በያኔው ብረት ማግኘት ይፈልጋሉ። ዋጋው ሲነገራቸው ግን ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ብረቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን የብረቱ አይደለም። የዓለምን ጥሬ ማግኒዚየም በአብዛኛው የምታመርተው ቻይና ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው እንደታየው ዋጋው በድንገት ሊንር ይችላል። በተረጋጋ ጊዜ ግን ኪሎው ከ5 ዶላር በታች ይገኛል። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ቸርኬ ውስጥ ያለው ብረት እንግዲህ ከአንድ ጥሩ ምሳ ሒሳብ አይበልጥም። ገንዘቡን የሚበላው የሚመረተው ቁጥር ማነስ ነው። ለአንድ የቸርኬ ዓይነት አምሳያውን (የማፍሰሻው ቅርጽ የሚወጣበትን ሞዴል)፣ የሙከራ ፍሰቱንና ፈተናውን ጨምሮ 40,000 ዶላር ወጣ እንበል። 4,000 ቸርኬ የሚሸጥ ፋብሪካ በእያንዳንዱ ላይ 10 ዶላር ይጨምራል። ለአሥር መኪና የሚበቃ 40 ቸርኬ ብቻ የሚያመርት ግን በእያንዳንዱ ላይ 1,000 ዶላር መጫን አለበት። እንደ ኮብራና ጂቲ40 ባሉት መኪኖች ደግሞ የኋላው ቸርኬ ከፊተኛው ስለሚሰፋ የሚያስፈልገው አምሳያ ሁለት ነው። ብዛት ያለው አምራች እንኳ በርካሽ አልሸጠውም፤ ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1998 ለኮርቬት የማግኒዚየም ቸርኬ በምርጫ ሲያቀርብ ያስከፈለው ጭማሪ 3,000 ዶላር ነበር።

የማፍሰሱ ሥራ ራሱ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቀድሞዎቹ በአሸዋ ቅርጽ የተፈሰሱ ናቸው። አምሳያው የሚሠራው ከቸርኬው ጥቂት ተልቆ ነው፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሸመቅቃልና። ማግኒዚየም የሚቀልጠው በ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ይህ ከአሉሚኒየም ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የቀለጠው ማግኒዚየም አየር ካገኘ የሚነድ መሆኑ ነው። አሸዋው ውስጥ የቀረ እርጥበትም ከፍሳሹ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይፈጥራል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ድኝና ቦሪክ አሲድ ይደባለቅበታል፤ የማቅለጫው አፍም በመከላከያ ጋዝ ይሸፈናል። ለዓመታት ያገለገለው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ሆኖ በመገኘቱ የአውሮፓ ኅብረት ለማግኒዚየም ዳይ ካስቲንግ (በብረት ቅርጽ ውስጥ በግፊት ለማፍሰስ) እንዳይውል ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። አሉሚኒየም የሚያፈሰውን ጎረቤት ማቅለጫ ቤት «እባክህ ይህንንም ሞክርልኝ» ማለት የማይቻለው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ሥራውን የሚያውቁ ማቅለጫ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ አሥር ቸርኬ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ወረፋቸውን አይለቁም።

ሌላው መንገድ በከፍተኛ ግፊት ከተጨፈለቀ ድፍን ማግኒዚየም በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ልጎ ማውጣት ነው። አምሳያ አያስፈልገውም፣ ብረቱም ከተፈሰሰው የበለጠ ይጠነክራል። የፎርሙላ 1 ቸርኬዎችም በዚህ ዓይነት ከተጨፈለቀ ማግኒዚየም ይሠራሉ። ችግሩ ሁለት ነው። አብዛኛው ብረት ተልጎ ይጣላል፤ ያ ቀጭን ፍቅፋቂ ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። ውኃ ሲደፉበት ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይብስበታል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥም መንደዱን አያቆምም፤ ስለዚህ ለብረት እሳት የተዘጋጀ ልዩ ማጥፊያ በአጠገቡ መኖር አለበት። የተገጠመ ሙሉ ቸርኬ ግን ሙቀቱን በመላ አካሉ ስለሚበትን እንደ ወሬው በቀላሉ አይቀጣጠልም። ሁለተኛው ችግር የመልክ ነው፤ በማሽን የተላገ ገጽ የአሸዋ ፍሰትን ሸካራነት የለውም፣ ጥንታዊ መኪና የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለየዋል።

ከተመረተ በኋላ ፈተናው ይመጣል። ቸርኬው በኤክስሬይ ታይቶ ስውር ቀዳዳ አለመኖሩ ይረጋገጣል። ከዚያ በማሽን ላይ ኩርባ ላይ እንዳለ ጫና እየተደረገበት ብዙ ሺህ ጊዜ ይሽከረከራል፣ በክብደትም ይመታል። የተፈተነው ቸርኬ ተመልሶ አይሸጥም፤ ከ40 ውስጥ ሦስት አራቱን መሰባበር ለትንሽ አምራች ከባድ ኪሳራ ነው። ይህን ዘልሎ የሚሸጥ ካለ ከእሱ አለመግዛት ነው፤ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰበር ቸርኬ ቅናሹን አያስታውስም።

ለመንገድ መኪና ግን ከዋጋው የሚከፋው የብረቱ ጠባይ ነው። ማግኒዚየም እርጥበትና ጨው ባለበት ከአረብ ብረት ጋር ሲነካካ ራሱ ቀድሞ ይበላል። ዳዶው የሚያርፍበት ቦታና የሚዛን እርሳስ የሚለጠፍበት ጠርዝ መጀመሪያ ይበላሉ፤ ቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ይወጣል። ድሮ መከላከያው ክሮሜት የሚባል የክሮሚየም ኬሚካል ነበር፤ ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት በልዩ ፈቃድ ካልሆነ አይሠራበትም። የተፈሰሱት ቸርኬዎች አየር ማሾለክም ልማዳቸው በመሆኑ ብዙዎቹ የውስጥ ጎማ ይገባባቸው ነበር። ማግኒዚየም ለመንገድ አይሆንም ማለት ግን አይደለም፤ አዲስ አበባ ለዘመናት ያሽከረከረቻት ቮልስዋገን የሞተሯ ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። እሱ ግን ዘይት ሲቀባው የሚኖር ነው፤ ቸርኬ የሚኖረው ጭቃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለቅዳሜና እሑድ ሽርሽር ለሚነዳ መኪና በተመሳሳይ ቅርጽ የተፈሰሰ አሉሚኒየም ይበቃል። ኮብራን የሚመስሉ አዳዲስ መኪኖች በብዛት የሚለብሱት የሃሊብራንድ ቅርጽ ያለውን አሉሚኒየም ነው። እስከ ሦስተኛ እጅ የሚደርሰው የክብደት ልዩነት በከተማ መንገድ ላይ አይሰማም። እውነተኛው ማግኒዚየም የሚያዋጣው ለታሪካዊ ውድድር መኪና ነው፤ እዚያም የቀድሞውን ቸርኬ ለዐውደ ርእይ አስቀምጦ በአዲሱ መሮጥ ይመከራል። ከ50 ዓመት በላይ የሠራ ፍሰት ውስጥ ያለውን የድካም ስንጥቅ (ጫና ሲደጋገምበት ብረቱ የሚያወጣውን) በዓይን ማየት አይቻልምና።

የአሮጌ ቸርኬዎች ዋጋ በመናሩ አሉሚኒየሙን ማግኒዚየም ነው ብሎ የሚሸጥም አይታጣም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ በውስጠኛው ገጽ በትንሹ ተፍቆ ብረቱ ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ሲደረግ ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ይደፍቃል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ዝም ይላል። አረፋው ግን ብረቱን እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። አዲስ የተፈሰሰውን ከ1960ዎቹ ለመለየት የሚረዳው የአምራቹ ምልክትና የተሠራበት ቀን ነው፤ ሕሊና ያለው አምራች እነዚህን በማይፋቅበት ቦታ፣ ከፍሰቱ ጋር አብሮ ያትማል።