መጽሐፍ በእጁ፣ መንገድ በፊቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የንግሥት ህንደኬ አዛዥና በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም የነበረው ይህ ሰው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስም በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ጥምቀቱ እንሰብካለን፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ዛሬ ከጥምቀቱ በፊት ባለችው ሰዓት ላይ ጥቂት እንድንቆይ እወዳለሁ፤ በዚያች ሰዓት መንገድና መጽሐፍ በአንድ ሠረገላ ላይ ተገናኝተው እናያቸዋለንና።

ይህ ሰው ሁለቱንም አድርጓል። ለስግደት ብሎ ብዙ አገር አቋርጧል፤ በእጅ የተጻፈ ጥቅልል ማግኘት የጥቂቶች ዕድል በነበረበት ዘመንም መጽሐፍ ይዞ ይጓዝ ነበር። ሆኖም ዲያቆኑ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ደርሶ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ ሹሙ ማዕረጉን አልጠራም፤ ከኢየሩሳሌም መምጣቴን አታይምን ብሎም አልተቆጣም። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ያን አቧራ የለበሰ እግረኛ ለመነው። የሰው አመለካከት ሰፋ የሚባለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ያነበበና ብዙ አገር ያየ ሰው ሁሉ አስተሳሰቡ ሰፊ አይደለም፤ ንባቡና ጉዞው በአጠገቡ ለሌላ ሰው መቀመጫ ያስለቀቁት ሰው ግን በእውነት ሰፍቷል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጉድለት ተምሬ ነው። ወደ ደብረ ሊባኖስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ከጅማ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት አልፈን፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ አደርን፤ በማግስቱ ደግሞ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ከገዳሙ ደረስን። ገደሉን አየሁ፣ በጠበሉ ተጠመቅሁ፣ እምነት የምንለውን የተባረከ አፈር በወረቀት ቋጠርሁ፣ ፎቶግራፍ ተነሣሁ፣ ተመለስሁ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ምን አዩ?» ብላ ብትጠይቀኝ ከገደሉ ጥልቀትና ከሕዝቡ ብዛት በቀር የምነግራት አጣሁ። እግሬ ሄዶ ነበር እንጂ ልቤ ከጅማ አልተነሣም ነበር።

የልጅቱ ጥያቄ አብሮኝ ሰነበተና ማንበብ ጀመርሁ። የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል አነበብሁ፤ ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዴት እንደ ተመሠረተ ተማርሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን በግንቦት 1929 ዓ.ም. የሆነውን አወቅሁ። የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መነኮሳቱንና ለበዓሉ የመጡትን ምእመናን ሰብስቦ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ረሽኗቸዋል። ሁለተኛ ስሄድ ገደሉም መንገዱም ያው ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ መነኩሲት ከግንቡ ጥግ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ በመጀመሪያው ጉዞ እንዲህ ያሉትን እናት ሳንቲም ሰጥቼ አልፌ ይሆናል። አሁን ግን ከአጠገባቸው ተቀመጥሁና ስለዚያ ዘመን የሚያውቁት እንዳለ ጠየቅኋቸው። እንዝርቱን አቆሙት። «አባቴ ለዚያ ንግሥ ሊመጣ ስንቁን ቋጥሮ ሳለ ታሞ ቀረ። እኔ ከዚያ በኋላ ነው የተወለድሁት፤ ስለዚህ ነው እዚህ መጥቼ የመነኰስሁት» አሉኝ፤ ከዚያም እንዝርታቸውን አዞሩ። መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ጥያቄውን አላውቀውም ነበር፤ መንገዱ ባይኖር ኖሮ ደግሞ መልሱን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አስቀድማ አውቃለች። የአብነት ትምህርቷ እንዴት እንደ ተዘረጋ ተመልከቱ። ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የሚያስመሰክረው በቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች በዙር አባ፣ ቅዳሴን በደብረ ዓባይ ነው፤ በመቋሚያና በጸናጽል የሚዘመመውን አቋቋም ሲፈልግ ደግሞ ወደ ጎንደር ይሻገራል። ሁሉ ነገር የተሟላበት አንድ ደብር አልተበጀም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የማያውቀውን አገር ሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲጠና፣ ከመምህሩ ያልሰማውን ሌላ ትምህርት ከውሻው፣ ከብርዱና ከእናቶች እጅ ይቀበላል።

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ እንዲህ ያለ ወጣት ወደ ደብራችን መጣ። ነገረ ሥራውና የአነጋገሩ ለዛ ከከፋ መሆኑን ስለ ነገረኝ፣ ከገጠር መጥቶ ፊደል የሚቆጥር መስሎኝ ግእዝ ማንበብ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ያን ዕለት በእኔ ላይ ደረሰ። ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ «በመጠኑ» አለና ከአኩፋዳው የብራና ዳዊቱን አወጣ። የየገጹ የታችኛው ጥግ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ቡና ቅርፊት ጠቁሯል። ዋሸራ ሄዶ ቅኔ ተቀኝቶ፣ የቅኔውንም መንገድ ቆጥሮ የተመለሰ ነበር። አማርኛን ሳይቀር አሳምሮ የተማረው በመንገድ ላይ ነው። ሰባት ዓመት እንዴት እንደ ቻለው ስጠይቀው የመለሰልኝን አልረሳውም፦ «ቅኔ የተማርሁት በማላውቃቸው እናቶች እንጀራ ነው። የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።» ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ሲል ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ የሆነው ሌላው ፊልጶስ «መጥተህ እይ» እንዳለው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ተጽፏል። እኔ ግን መልካሙ ነገር እስከ ደጄ መጥቶልኝ ሳላየው ላሳልፈው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

የአንድ መንገደኛ መስፋት ለሌሎች ምን እንደሚያተርፍ ማየት የሚወድ ሰው አቡ ሩሚ የተባለውን መነኩሴ ያስብ። የጎጃም ተወላጅ ነው። ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ሶርያ፣ ወደ አርመንያ፣ ወደ ፋርስ እስከ ህንድ ድረስ ተጉዟል። በመጨረሻ ካይሮ ላይ ታሞ ሳለ አስሊን ደ ሸርቪል የተባለ ፈረንሳዊ ዲፕሎማት አስታመመው፤ ከዳነም በኋላ ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀመጡ። ፈረንሳዊው እንደ ተናገረው፣ ለ10 ዓመታት ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከመነኩሴው ጋር እያንዳንዱን ቁጥር ቀስ ብለው ያነቡ ነበር። ከ9,500 በላይ ገጽ ሞላ። አቡ ሩሚ ሥራው ሲታተም አላየም፤ በካይሮ በወረርሽኝ ዐረፈ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 አራቱ ወንጌላት፣ በ1829 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1840 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ እርማትና አዲስ ትርጉም ተደርጓል፤ ዛሬ በየቤታችን ያለውም ያው አይደለም። ነገር ግን ያ ሰው ከአገሩ ሳይወጣ ቢቀር፣ ወይም ወጥቶ ንባቡን ቢተው ኖሮ፣ በእነዚያ ማክሰኞና ቅዳሜዎች ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ነቢያትን ያነበበ ነው፤ አሕዛብም የእግዚአብሔርን ማዳን እንደሚያዩ የተጻፈውን ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ «እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንዳያዳላ በእውነት አስተዋልሁ» ያለው ከኢዮጴ ተነሥቶ ቂሣርያ ደርሶ ከአሕዛብ ወገን የሆነውን የመቶ አለቃውን የቆርኔሌዎስን ደጃፍ ከተሻገረ በኋላ ነው። የእኛ ቂሣርያ ግን የሚርቀው አንድ አጥር ያህል ነው። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የነጋዴ መንገድ የሚገናኝባት አገር ናት፤ ሂርማታ ገበያ ወርዶ ቡናና ማር የሚገዛ ሰው በአንድ ጠዋት ኦሮምኛ፣ ከፊኛ፣ ዳውሮኛ፣ ጉራጊኛና አማርኛ ሰምቶ ይመለሳል። ታዲያ ይህን ሁሉ እየሰማን ጠባብ ሆነን መኖር እንችላለን። እኔ ኖሬበታለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አለችን፤ በዐቢይ ጾም ለቡና ስትጠራን የቡና ቁርሱን ቅቤ ባልነካው ምጣድ ለብቻ ጋግራ ታቀርብልናለች። ፋሲካ ስንት ቀን እንደ ቀረው ከእኛ ልጆች ይልቅ እርሷ ቆጥራ ታውቃለች። እኔ ግን የእርሷ ጾም መቼ እንደሚገባ ለብዙ ዓመታት ከቴሌቪዥን ነበር የምሰማው። በሃይማኖታችን መጽናት ማለት ጎረቤትን ሳያውቁ መኖር ማለት እንዳልሆነ ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ አሁን የጾሟን መግቢያ ጠይቄ አውቃለሁ፤ ማታ ስታፈጥርም የቤቴ ሰዎች ቴምር ይዘው ይሄዳሉ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ወደ ቅዱሳት መካናት ለመሄድ ለምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ልመና አለኝ። ገንዘቡን ስታዋጡ ንባቡንም አዋጡ። «ንሰግድ ውስተ መካን ኀበ ቆመ እግረ እግዚእነ»፣ የጌታችን እግር በቆመበት ስፍራ እንሰግዳለን፣ እያልን የምንሄድበት ስፍራ ማን እንደ ቆመበት፣ ምን እንደ ተጋደለበት ሳናነብ አንሣፈር። አውቶቡሱ ውስጥም መዝሙር ብቻ አይሁን፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። በሕመም፣ በድህነት ወይም ልጅ በማሳደግ ከቤት መውጣት የማይችሉ አሉ፤ ለእነርሱ መጽሐፉ ራሱ መንገድ ይሆንላቸዋል። ማንበብ ለማይችሉትም ከልጆቻቸው አንዱ በየማታው አንድ ምዕራፍ ያንብብላቸው። ድምፅ አውጥቶ ማንበብን አትናቁት፤ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው የቀረበው ጃንደረባው ሲያነብ ስለ ሰማው ነው። በልቡ ብቻ ቢያነብ ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር?

ያ ጃንደረባ ያነበው የነበረው የኢሳይያስን ምዕራፍ 53 ነው፤ «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ» የሚለው። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት፤ ውኃም አገኙና ተጠመቀ። ከዚያ ፊልጶስ ተነጥቆ ሄደ፤ ጃንደረባው ሁለተኛ አላየውም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ እንጂ። ወደ አገሩ የሚወስደው መንገድ ገና ረጅም ነበር፤ ጥቅልሉም ከእርሱ ጋር ነበር። ንባቡን ካቋረጠበት ቦታ ቢቀጥል፣ ጥቂት ምዕራፎች እንዳለፈ፣ ስለ እርሱ የተጻፈ የሚመስል ቃል ይጠብቀው ነበር፦ «ወደ እግዚአብሔርም የተጠጋ መጻተኛ፦ እግዚአብሔር በእውነት ከሕዝቡ ይለየኛል አይበል፤ ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል።»