እንግሊዝኛን ማን አንድ ወጥ አደረገው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ እንግሊዝኛ አመጣጥ ሲወራ ተደጋግመው የሚሰሙ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹን እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የእንግሊዝ መንግሥት ከጥንትም የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው»

የለም። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ጌቶቹ የሚያወሩት በፈረንሳይኛ፣ መዝገብ የሚጻፈው በላቲን ሆነ። እንግሊዝኛ የተራው ሰው ቋንቋ ሆኖ ለዘመናት ቆየ። በ1362 የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፤ ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ የሚባለውን አይሰማም ተብሎ ነው። ጉዱ ግን ሕጉ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው! መዝገቡም በላቲን ይያዝ ተባለ። ላቲን ከእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የተሰናበተው በሌላ ሕግ፣ ያውም በ1733 ነው።

«አንድ ንጉሥ ወይም አካዳሚ ቁጭ ብሎ ወሰነው»

ፈረንሳዮች በ1635 አካዳሚ፣ ማለትም ስለ ቋንቋቸው የሚወስን ተቋም አቋቁመዋል። እንግሊዞች ጋ ግን ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1712 ተመሳሳይ ነገር እንዲቋቋም ቢጎተጉትም ሰሚ አላገኘም። ዛሬም የለም። ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ከ1417 ጀምሮ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ማጻፉ ለቋንቋው ክብር ጨምሮለታል። ሕዝቡ እንዴት እንደሚጽፍ ግን አላዘዘም።

ሥራውን ቀስ በቀስ የሠሩት በዌስትሚኒስተርና በለንደን የነበሩ ጸሐፊዎች፣ ነጋዴዎችና አታሚዎች ናቸው። ዊሊያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ቤት ከፈተ። ራሱ በ1490 የጻፈው ታሪክ አለ። በቴምዝ ወንዝ ወደ ዜላንድ (የዛሬዋ ኔዘርላንድስ ውስጥ ናት) ሊሻገሩ የወጡ ነጋዴዎች ነፋስ እምቢ ይላቸውና ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣሉ። አንዱ ከአንዲት ሴት ቤት ገብቶ እንቁላል ይጠይቃል፤ «ኤግስ» ብሎ። ሴትዮዋ «እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም» ትለዋለች። ሰውዬው ተናደደ፤ እሱም እኮ ፈረንሳይኛ አይችልም! ሌላው ጓደኛው «ኤይረን» ሲላት (ይሄም እንቁላል ማለት ነው) ወዲያው ገባት። ካክስተን የጨነቀው ታዲያ የትኛውን ልጻፍ ብሎ ነው። ለአንድ መንደር ብቻ ማተም አያዋጣውማ። ስታንዳርድ (አንድ ወጥ) እንግሊዝኛ የሚባለው ነገር ግማሹ የገበያ ጉዳይ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

«ያሸነፈው ንጹሑ የለንደን እንግሊዝኛ ነው»

ከላይ ያየነው «ኤግስ» ራሱ ከስካንዲኔቪያ መጥተው ከሰፈሩት ቫይኪንጎች ቋንቋ የመጣ የሰሜን ቃል ነው፤ የደቡቡን «ኤይረን» አባረረው። «እነሱ» ለማለት የሚያገለግለው «ዜይ»ም እንዲሁ ከሰሜን ወርዶ ነው ለንደን የገባው። ለንደን ከየአውራጃው ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ስለነበረች ቋንቋዋም ቅይጥ ነው።

«አጻጻፉ ዝም ብሎ የተዝረከረከ ነው»

ተማሪን የሚያስመርረው አጻጻፍ በአመዛኙ የድሮ ድምፅ ቅሪት ነው። «ናይት» (knight፣ ፈረሰኛ ጦረኛ) የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው ኬ ድሮ ይነበብ ነበር፤ መሃል ያሉት ጂ እና ኤችም እንደ «ኽ» ይሰሙ ነበር። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በሙሉ ቦታ ሲቀያየሩ ማተሚያ ቤቶች አጻጻፉን እያጸኑት ነበር። አፉ ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ።

«የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ነው፤ ቋንቋውንም ቆለፈው»

የጆንሰን የወጣው በ1755 ነው። ሮበርት ኮድሪ 2,500 ገደማ ቃላት ያሉት መዝገበ ቃላት በ1604 አሳትሟል። ጆንሰንም ቢሆን ቋንቋን ካለበት እንዳይነቃነቅ ማድረግ ከንቱ ምኞት መሆኑን በመግቢያው ላይ አምኗል።

«አሜሪካኖች አጻጻፉን አበላሹት»

«ኦነር» (ክብር) የሚለውን ቃል ዩ በምትባለው ፊደልም፣ ያለሷም መጻፍ በሼክስፒር ዘመን እዚያው እንግሊዝ የተለመደ ነበር። አሜሪካዊው ኖዋ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ አጭሩን መረጠ፣ አገሩም ተቀበለው። ሁሉንም ግን አይደለም፤ «ታንግ» (tongue፣ ምላስ) በአራት ፊደል ብቻ (tung) ይጻፍ ብሎ ነበር፣ የሰማው የለም።