«ሁመር በተራራ፣ ጨው በባሕር፣ በድስት ይገናኛሉ»፦ የኢንዶኔዥያ ምሳሌያዊ አነጋገርና ትርጓሜው

በማላይኛና ከእርሱ በወጣው ኢንዶኔዥያኛ «አሳም ዲ ጉኑንግ፣ ጋራም ዲ ላውት፣ በርተሙ ዳላም በላንጋ» የሚል የቆየ አባባል አለ። «አሳም» ኮምጣጣ ነገርን ሁሉ የሚመለከት ቃል ሲሆን፣ በማጀት ግን ብዙ ጊዜ በእኛ ቆላ የሚበቅለውን ሁመር ይጠሩበታል፤ «ጋራም» ጨው፣ «በላንጋ» ደግሞ የሸክላ ድስት ነው። አባባሉ በተለይ ስለ ጋብቻ ይነገራል፦ ወንድና ሴት በአገርም በትውልድም ቢራራቁ፣ ውሃ አጣጭ ሊሆኑ ከተጻፈላቸው መገናኘታቸው አይቀርም ማለት ነው።

ምስሉ የተወሰደው ከዕለት ምግብ ነው። የዓሣ ወጥ የምትሠራ ሴት ኮምጣጣውን ከደጋው፣ ጨውን ከባሕር ዳር አግኝታ በአንድ ድስት ታዋሕዳለች፤ አንዱ ከጎደለ ወጡ አይጥምም።

አባባሉ መገናኘትን የዕጣ ፈንታ ሥራ ያደርገዋል። እኔ ግን የዚያን አገር ድስት ባሰብኩ ቁጥር በግድ የተገናኙት ይታወሱኛል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1511 የማላዮች የንግድ ወደብ የነበረችውን ማላካን ከያዙት ፖርቱጋሎችና ከስፔኖች የባሕር ንግድ ጋር ነው፤ ዛሬ «ሳምባል» የተባለው ማባያ ያለ እርሱ አይታሰብም። ገውዝ ግን በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ የሚገኙት የባንዳ ደሴቶች የራሳቸው ተክል ነበር። በ1602 የተቋቋመው የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ንግዱን ብቻውን ለመያዝ ሲል፣ በ1621 ገዥው ያን ፒተርስዞን ኩን ጦር አዝምቶ 15 ሺህ ያህል እንደነበር የሚገመተውን ሕዝብ ከፊሉን ገደለ፣ ከፊሉን በረሃብና በስደት ጨረሰ፤ በእርሻውም ላይ ከሌላ ቦታ የተጋዙ ባሪያዎች ተተኩ። ገውዝ በአውሮፓ ገበታ ላይ ሲነሰነስ ይህ ሁሉ ደም አብሮት መኖሩን መርሳት አይገባም። በአባባሉ የተጠቀሰው ጨው እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ በኋላ የመጣው የቅኝ ግዛት መንግሥት የጨውን ንግድ በብቸኝነት ይዞ፣ የማዱራ ደሴት ሰዎች ከባሕር ውሃ ያደረቁትን ጨው ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይረከባቸው ነበር።

«ሰሙር» የተባለው የጃካርታ ወጥ እነዚህን መንገዶች በአንድ ላይ ይዟል። ስሙ በዝግታ ማብሰልን ከሚያመለክት የኔዘርላንድስ ቃል የመጣ ነው፤ ሥጋው የሚበስልበት ጣፋጭ ጥቁር የአኩሪ አተር መረቅ አሠራሩ ከቻይና ስደተኞች፣ ስኳሩ ከጃቫ ዘንባባ ነው፤ ገውዝና ቅርንፉዱ ደግሞ መገኛቸው የባንዳና የሰሜን ማሉኩ ደሴቶች ናቸው። ቤታዊ የሚባሉት የጃካርታ ነባር ነዋሪዎች በኢድ ማለዳ ለዘመድና ለጎረቤት የሚያቀርቡት ይህንኑ ወጥ ነው።