ኤኪደን ምንድን ነው?

ዱላ ቅብብል ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ስታዲየም ነው። አራት ሯጮች፣ አንዲት አጭር ዱላ፣ ጥቂት ዙር፣ አለቀ። ኤኪደን ግን ጎዳና ላይ የሚሮጥ የረጅም ርቀት ቅብብል ነው። የተወለደው ጃፓን ነው። አንዱ ሯጭ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከሃያ በላይ ሮጦ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የሁሉም ሰዓት ተደምሮ የቡድኑ ሰዓት ይሆናል።

በጃፓንኛ “ኤኪ” ጣቢያ ነው፤ “ደን” ማስተላለፍ። ድሮ የመንግሥት መልእክተኞች መንገድ ላይ ፈረስ የሚቀይሩባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1917 ቶኪዮ ዋና ከተማ የሆነችበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ሁለት ቡድኖች ከኪዮቶ ተነስተው ቶኪዮ ገቡ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 23 ምዕራፍ ተከፋፍለው ቀንም ሌሊትም ሮጡ፤ ሦስት ቀን ፈጀ።

ኤኪደን ውስጥ ዱላ የለም። ያለው ታሱኪ ነው። ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው የጨርቅ ጥብጣብ። የቡድኑ ቀለምና ስም አለበት። ሯጩ ከአንዱ ትከሻው ወደ ተቃራኒው ብብቱ ያነግተዋል፤ አባቶቻችን ጠመንጃ ያነግቱ እንደነበረው።

ርክክቡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሯጩ አራት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ታሱኪውን ከትከሻው ያወልቃል። ጨርቁ በላብ ርሷል። ጫፍና ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ወጠር ያደርገዋል፤ ተቀባዩ ጨርቅ ፍለጋ እንዳይደናበር። ተቀባዩ መስመሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይጣራል። ከመስመሩ ጀምሮ 20 ሜትር አላቸው፤ በዚያ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ አለበት። ተቀባዩ እየሮጠ ያነግተዋል፤ የተረፈውን ጫፍ ቁምጣው ውስጥ ይሸጉጣል። ያስረከበው ብዙ ጊዜ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይዘረራል። ጥቂት ትንፋሽ ሲመለስለት ደግሞ ይነሳና ወደ መጣበት መንገድ ዞሮ እጅ ይነሳል። መንገዱን ማመስገኑ ነው። እኔ ይህችን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ታሱኪን በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጥብጣብ፣ መቀነት፣ ማንገቻ። አንዱም አይሞላልኝም። የሚቀርበው አደራ የሚለው ቃል ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እንል የለ? ብቻህን ስትሮጥ ቢደክምህ ፍጥነትህን ትቀንሳለህ፤ ካልሆነም ታቋርጣለህ። ታሱኪ አንግተህ ግን ወደፊት የሚጠብቅህ ሰው አለ። ከኋላህም ላቡን ያፈሰሰበት ሰው አለ።

ከሁሉም ታዋቂው የሃኮኔ ኤኪደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በአራት ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በየዓመቱ ጃንዋሪ 2 እና 3 ከቶኪዮ ወደ ሃኮኔ ተራራ ደርሰው ይመለሳሉ። አምስት ሯጭ ለመሄጃ፣ አምስት ለመመለሻ፣ በድምሩ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ። አምስተኛው ምዕራፍ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ነው። እዚያ ላይ ጉድ ያሰኘ ሯጭ “የተራራው አምላክ” የሚል ስም ይወጣለታል። እንጦጦን በጠዋት ሮጦ የወጣ ሰው ይህ ስም ለምን እንደተሰጠ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሃኮኔን ካቋቋሙት አንዱ ሺዞ ካናኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ሙቀቱ ጥሎት መንገድ ላይ ቀረ። በ1967 ስዊድኖች ጠርተውት በ75 ዓመቱ መስመሩን አለፈ። የተመዘገበለት ሰዓት 54 ዓመት፣ 8 ወር፣ 6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20.3 ሰከንድ ነው። ይህ ሰው ብቻውን ሮጦ የመውደቅን ነገር ያውቀዋል። ሃኮኔንም ያሰበው ብዙ የማራቶን ሯጮችን በአንዴ ለማፍራት ነበር።

ዓለም አቀፉ ኤኪደን የማራቶንን 42.195 ኪሎ ሜትር ለስድስት ሰው ያካፍላል፤ 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 ኪሎ ሜትር እየሆነ። በዚህ ርቀት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዓለም የጎዳና ቅብብል ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። የእኛ ሴቶች በ1996 ኮፐንሃገን ላይ፣ በ1998 ደግሞ ብራዚል ማናውስ ላይ አሸንፈዋል። የትራኩን ወርቅ ሁሉ በቃላችን እንዘረዝራለን፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ሲያነሳ የምሰማው ሰው የለም። ያስቆጨኛል።

አሁን በየሰፈሩ ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ተሰባስበው የሚሮጡ ክለቦች ብዙ ናቸው። ለነሱ ከኤኪደን የሚሻል ውድድር አይታየኝም። ማራቶን የማይሞክር ሰው አምስቷን ኪሎ ሜትር ይችላታል። ጠንካሮቹ አሥር አሥሩን ይይዛሉ። መጀመሪያ ላይ ግርግር የማያስደነግጠውን፣ መጨረሻ ላይ ሲያባርሩት የሚበረታውን ማስቀመጥ ነው። ከስድስቱ ውስጥ በጣም ቀርፋፋው ያሻሻላት አንዲት ደቂቃ ከፈጣኑ ደቂቃ እኩል ትቆጠራለች። ለዚህ ነው ክለቡ ሁሉ ለቀርፋፋው በሙሉ ልቡ የሚጮኸው።

አንድ የሚያም ሕግ አለ። ሃኮኔ ላይ ቡድኑ ከመሪው በተወሰነ ደቂቃ ከዘገየ ተቀባዩ አይጠብቅም። መንገዱ ለትራፊክ መከፈት አለበት። ብዙ ጊዜ ነጭና ቢጫ የሆነ ምትክ ታሱኪ ያነግትና ይነሳል። የቡድኑ ሰዓት ይቆጠራል፤ ታሱኪው ግን ተቋረጠ ይባላል። አንዳንዴ የሚደርሰው ሯጭ ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚያመልጠው። ታሱኪውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ወጥሮ፣ እየሮጠ ይመጣል። መስመሩ ላይ ማንም የለም።