የፑልማን ኩጋሮች፦ የኮሌጅ ፉትቦል በክፍያና በዝውውር ዘመን

ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲባል ብዙ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያስበው ዲሲን ነው። ዲሲ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ያለው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ ከሲያትል በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ በምትርቀው ፑልማን ነው። ከተማዋ አይዳሆ ድንበር ጥግ ላይ ነች። አካባቢው ፓሉስ ይባላል፤ ስንዴና ምስር የሚበቅልበት ኮረብታማ አገር ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የምስር ፌስቲቫል ይከበራል፤ በትልቅ ድስት የተሠራ የምስር ቺሊ ለመጣው ሁሉ በነፃ ይታደላል። የምስር ወጥን ያህል አይሆንም፤ ሐሳቡ ግን ደስ ይላል።

ቡድኑ ኩጋርስ ይባላል፤ በተራራ አንበሳው ስም። እዚህ ፉትቦል የምንለው በእጅ የሚወረወረውንና የሚሮጥበትን የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ማርቲን ስታዲየም 33 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። በ2020 ቆጠራ የከተማው ሕዝብም 33 ሺህ ገደማ ነበር። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ሜዳ ሲኖራቸው፣ ፑልማን ከተማዋን በሙሉ ብታስገባ ነው የምትሞላው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ከታች የሚመጣው አይገባውም።

ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ገንዘብ በአማርኛ የተጻፈ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይህን አጠናቅረናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞው ታሪክ

ዩኒቨርሲቲው በ1890 ተመሠረተ። ቡድኑ በጥር 1916 ሮዝ ቦውል በሚባለው ታላቅ የወቅት መዝጊያ ጨዋታ ላይ ብራውን ዩኒቨርሲቲን 14 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ረጅም ዝምታ አለ። በ1993 ድሩ ብሌድሶ የፕሮፌሽናል ሊጉ የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ከፑልማን ወጣ። በ1997 እና በ2002 ወቅቶች ቡድኑ እንደገና ሮዝ ቦውል ደረሰ፤ ሁለቱንም ተሸነፈ።

ከሁሉም የሚታወሰው ግን 2018 ነው። አሰልጣኙ ማይክ ሊች ነበር። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው) ጋርድነር ሚንሹ ከኢስት ካሮላይና ዲግሪውን ይዞ ወጥቶ አላባማ በተጠባባቂነት ሊቀመጥ ተቃርቦ ነበር። ሊች ደውሎ አግባባው፤ ሚንሹ ወደ ፑልማን መጣ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸነፈ፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከፍተኛው ነው። ልብ በሉ፦ ሚንሹም በዝውውር የመጣ ልጅ ነው። ዝውውር ለፑልማን ሁሌም ጠላት አልነበረም።

ደንቡ እንዴት ተገለበጠ

ድሮ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘው ስኮላርሺፕ ነበር። ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፤ በቃ። ዩኒቨርሲቲ መቀየር የፈለገ ደግሞ ባብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት።

ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ፈረሱ። በጥቅምት 2018 ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ተከፈተ። ተጫዋቹ ስሙን ካስገባ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊያነጋግረው ይችላል፤ የአሰልጣኝ ፈቃድ አያስፈልግም። በ2021 ለአንድ ጊዜ ሳይቀመጥ መዛወር ተፈቀደ። በሚያዝያ 2024፣ ክልሎች በፍርድ ቤት ካፋጠጡት በኋላ፣ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ ገደቡን በሙሉ አነሳ። ትምህርቱን እስካለፈ ድረስ ልጁ በየዓመቱ ቢዛወር ከልካይ የለውም።

ገንዘቡም እንዲሁ። በሰኔ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተጫዋቾች በሚያገኙት ጥቅም ላይ የተጣለውን ገደብ በሚመለከተው የአልስተን ክስ ኤንሲኤኤን በ9 ለ 0 ድምፅ ረታው። ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ተጫዋቾች ስማቸውንና ምስላቸውን ለማስታወቂያ እንዲሸጡ ተፈቀደ፤ ይህ በአጭሩ ኤንአይኤል ይባላል። በወረቀት ላይ ማስታወቂያ ነው። በተግባር ግን ሀብታም ደጋፊዎች ኮሌክቲቭ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ደመወዝ ማከፋፈል ያዙ። ፑልማንም ኩጋር ኮሌክቲቭ አላት። ችግሩ ማኅበር ማቋቋሙ ሳይሆን ኪሱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የነዳጅ ባለሀብት አለ፤ ፓሉስ ውስጥ ገበሬ አለ። ገበሬው ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የገበሬ ነው።

በሰኔ 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የሀውስን ስምምነት አጸደቁ፤ ተጫዋቾች ኤንሲኤኤን የከሰሱበት ክስ የተዘጋበት ነው። ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ልጆች በ10 ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል። ዩኒቨርሲቲዎችም በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ስሌቱ የተሠራው በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው በሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) አማካይ ገቢ ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ወለል አይደለም። ሀብታሙ ጣሪያውን ሲነካ፣ ፑልማን የምትከፍለው ከጣሪያው በጣም ርቆ ነው። ለካሳውም ከኤንሲኤኤ ለየዩኒቨርሲቲው ከሚደርሰው ገንዘብ ስለሚቀነስ፣ ብዙ ሚሊዮን አትርፎ የማያውቀውም ይነካዋል።

ካም ዋርድ

ኳርተርባኩ ካም ዋርድ ከሃይስኩል ሲወጣ ስኮላርሺፕ የሰጠው ኢንካርኔት ወርድ የተባለ ትንሽ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። በ2022 ከዚያው አሰልጣኝ ኤሪክ ሞሪስ ጋር ፑልማን መጣ። ትልቅ መድረክ ላይ እንደሚችል ያሳየው እዚህ ነው። ሁለት ዓመት ተጫወተ። በ2023 ቡድኑ አራቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች አሸንፎ በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሰ።

ከዚያ ዋርድ ፖርታል ገባ። በጥር 2024 መጀመሪያ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ እሄዳለሁ አለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐሳቡን ቀይሮ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስንት ተከፈለው? በሚሊዮን የሚቆጠር እንደሆነ በሰፊው ተወርቷል፤ ውሉ ግን ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። ዋርድ ማያሚ ላይ 39 የጎል ኳስ ወረወረ፤ በ2025 ድራፍት፣ ማለትም በፕሮፌሽናል ሊጉ ምርጫ፣ ቴነሲ ታይታንስ አንደኛ አድርጎ መረጠው። ቴሌቪዥኑ ሁሉ የማያሚው ካም ዋርድ አለ። ፑልማን ግን የራሷ አድርጋ ነው የምትቆጥረው፤ እውነትም አላት።

የአውሮፓ እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ዝውውሩ ስንት አወጣ? መልሱ ዜሮ ነው። ፊፋ ልጁን ላሳደገው ክለብ የሥልጠና ካሳ አለው፤ ሻጭ ክለብ የዝውውር ሂሳብ ይቀበላል። አያክስ ወይም ቤንፊካ ተጫዋች እየሸጡ የሚኖሩት በዚህ ነው። በኮሌጅ ፉትቦል እንዲህ ያለ ሥርዓት አልተሠራም። ዋርድ ሲሄድ ፑልማን አምስት ሳንቲም አላገኘችም። አሰልጣኝ ውሉን አፍርሶ ሲሄድ ግን ካሳ ይከፈላል። ደካማ ቡድኖችን የሚገድላቸው ዝውውር ነው የሚባለው ለዚህ ነው ግማሽ እውነት የሚሆነው፤ የሚገድላቸው ያለ ዋጋ የሚደረግ ዝውውር ነው። በቅርቡ በክፍያ ውሎች ላይ የማፍረሻ ሂሳብ መጻፍ ተጀምሯል።

ኮንፈረንሱ ሲፈርስ

ፑልማን ከ1962 ጀምሮ የኖረችበት ፓክ 12 ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አንዱ ነበር። የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚመጣው በኮንፈረንስ በኩል ነው፤ ስለዚህ ኮንፈረንስ ማለት እንጀራ ነው። በሰኔ 2022 ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ቢግ ቴን ወዲያው በሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። በ2023 ክረምት ኮሎራዶ ወጣ። ፓክ 12 ከአፕል ጋር በተመዝጋቢ ብዛት የሚከፍል ውል ይዞ ቀረበ፤ አባላቱ አልወደዱትም። ነሐሴ 4 ቀን ኦሪገንና ሲያትል ያለው የጎረቤቱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ቢግ ቴን ሄዱ፤ በዚያው ቀን አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12። ስታንፎርድና ካል (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ) በመስከረም ወደ ሌላ ኮንፈረንስ ሄዱ።

ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ሁለቱ ተያይዘው ዊትማን ካውንቲ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፑልማን የምትገኝበት ካውንቲ ነው። ዳኛው ኮንፈረንሱን የሚያስተዳድሩት የቀሩት ናቸው ብለው ወሰኑ፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2023 ጉዳዩን አላይም አለ። ስሙና የቀረው ሀብት በሁለቱ እጅ ገባ። ተጋጣሚ ግን አልነበራቸውም። ለ2024 ጨዋታ እንዲገኝላቸው ለማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ 14 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። በ2025 ደግሞ ተጋጣሚ ከማጣት የተነሳ ሁለቱ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ተጫወቱ።

በመጋቢት 2024 የፑልማን የስፖርት ዳይሬክተር ፓት ቹን ሥራ ቀየሩ። የሄዱት ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከ1900 ጀምሮ የፑልማን ባላንጣ ወደሆነው። በዚህ ላይ አስተያየት መጨመር አያስፈልግም።

2024 እና ከዚያ ወዲህ

በዚህ ሁሉ መሃል የመጣው ቡድን ጥሩ ነበር። ጆን ማቲር ኳርተርባክ ሆኖ በወቅቱ በእጁም በእግሩም 44 ጎል አስመዘገበ። ሲያትል ላይ ዋሽንግተንን 24 ለ 19 አሸነፉ። ከዘጠኝ ጨዋታ ስምንቱን ወሰዱ። ከዚያ ሦስቱን የመጨረሻ ጨዋታዎች በድምሩ በ7 ነጥብ ተሸነፉ።

ታኅሣሥ ሲገባ ቤቱ ተበተነ። የማጥቃት አሰልጣኙ ቤን አርባክል ኦክላሆማ ሄደ። ማቲር ተከተለው። ዋና አሰልጣኙ ጄክ ዲከርት ዌክ ፎረስት ሄደ። ሆሊዴይ ቦውልን የተጫወተው የቀረው ቡድን ነው፤ በሲራኪውስ 52 ለ 35 ተሸነፈ።

ቀጥሎ የመጣው ጂሚ ሮጀርስ ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት ከደርዘን በላይ ተጫዋቾቹን ይዞ መጣ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት፣ ፑልማንም ከእሷ ያነሰውን ዩኒቨርሲቲ ማራገፏ ነው። ሰንሰለቱ ወደ ታች ይወርዳል። በ2025 ቡድኑ በኦል ሚስ ሜዳ 24 ለ 21፣ በቨርጂኒያ ሜዳ 22 ለ 20 ነው የተሸነፈው፤ ሁለቱም በዚያ ወቅት ኃይለኛ ነበሩ። በኖርዝ ቴክሳስ 59 ለ 10 የሆነውን ባናነሳው ይሻላል። የኖርዝ ቴክሳስ አሰልጣኝ ደግሞ ዋርድን ያመጣው ኤሪክ ሞሪስ ነበር። ሮጀርስም አንድ ዓመት ሠርቶ ወደ አዮዋ ስቴት ሄደ። በቦታው የክልሉ ልጅ ኪርቢ ሙር ተቀጠረ።

ሩጫውስ?

ለእኛ አንባቢ ይህ ክፍል ይበልጥ ይቀርባል። ፑልማን የሩጫ አገር ነበረች። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረወሰን ሰበረ፦ 10 ሺህ፣ 5 ሺህ፣ 3 ሺህ እና 3 ሺህ መሰናክል። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ሳምሰን ኪሞብዋ የ10 ሺህን ሰብሯል። በ1984 ኦሎምፒክ በመሰናክል ወርቅ የወሰደው ጁሊየስ ኮሪርም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ምሩፅ ይፍጠር የሮጠበት ዘመን ማለት ነው።

በሰኔ 2025 ዩኒቨርሲቲው ውርወራና ዝላይን ዘጋ፣ አጭር ሩጫን ቀነሰ፣ ትኩረቱን በረጅም ሩጫ ላይ አደረገ። ረጅሙን መያዛቸው ለታሪኩ ተገቢ ነው። የሌሎቹ አትሌቶች ግን ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ለተጫዋች የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፣ የሚቆረጠውም ቴሌቪዥን ከማያየው ስፖርት ነው።

በሌላ ቦታ የሆነው

ያው ደንብ ሌላውን አንስቶታል። ኢንዲያና ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የተሸናፊ ስም ነበረው። በ2024 አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ተጫዋቾቹን ይዞ መጣ፤ በ2025 ከካል የተዛወረው ፈርናንዶ ሜንዶዛ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ፤ ቡድኑም ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸንፎ የቢግ ቴን ሻምፒዮን ሆነ። ቫንደርቢልትም ከኒው ሜክሲኮ ስቴት ባመጣው ዲዬጎ ፓቪያ በጥቅምት 2024 አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ 35 ጥሏል። ስለዚህ ፖርታል ደካማን ያጠፋል የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ኢንዲያና የቢግ ቴን፣ ቫንደርቢልት የኤስኢሲ ኮንፈረንስ የቴሌቪዥን ገንዘብ አላቸው። ፑልማን የጎደላት እሱ ነው።

አዲሱ ፓክ 12 ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ቦይሲ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ዩታ ስቴትንና ቴክሳስ ስቴትን ይዞ እንዲጀምር ታቅዷል፤ ጎንዛጋም ያለ ፉትቦል ይገባል። የዝውውር በሩም ጠቧል፦ ለ2026 ፖርታሉ ከጥር 2 እስከ 16 ብቻ ነው የተከፈተው፤ የሚያዝያው ቀርቷል። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው የአፕል ካፕ (የሁለቱ ባላንጦች ጨዋታ) ውል እስከ 2028 ይቆያል።